የመቀናጆ ባንድ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ጊታር አለ? ቁም ሳጥን ላይ ተጋድሞ አቧራ የለበሰ፣ ወይም ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጌጥ የተሰቀለ፣ አንድ ሁለት ክሩ የተበጠሰ? ካለ የዛሬው ጨዋታዬ ለእናንተ ነው። ባይኖርም አትለፉኝ። ምናልባት ከቤተሰባችሁ አንዱ “ልምምድ አለኝ” እያለ ሐሙስ ሐሙስ ማታ የሚጠፋ ይሆናል፤ ወዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ የተመረቅኩትም በቢዝነስ ማኔጅመንት ነው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአንድ ትንሽ ባንድ ውስጥ ጊታር እጫወታለሁ። የባንዱን ስም አልነግራችሁም። ከሙያዬ አንፃር ማስታወቂያ ይመስልብኛል፤ ብነግራችሁም አታውቁትም። ባንዱ እስከ ዛሬ 13 ሰው አይቷል። አሁን ያለነው አምስት ነን። ከመጀመሪያዎቹ የቀረነው እኔና ቤዝ ተጫዋቹ ብቻ ነን።

ፊልም ላይ ባንድ የሚፈርሰው በጠብ ነው፤ በገንዘብ ወይም በሴት። የእኛ የሚፈርሰው በዝውውር ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያው ድራመራችን የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ ወደ ደሴ ተዛወረ። ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ ለሦስተኛ ዲግሪ ህንድ ሄደ። ሦስተኛው ኅዳር 2014 ላይ፣ ጦርነቱ ወደ እኛ ተጠግቶ ከተማችን በተፈናቃይ በተሞላችበት ሰሞን፣ ልጆቹን ይዞ አዲስ አበባ ገባና በዚያው ቀረ። ኪቦርድ ተጫዋቿ አገባች፤ ባሏ የሚሠራው ሐዋሳ ነው። ሳክስፎን የሚነፋው ልጅ ዱባይ ነው። ከድምፃውያኑ አንዱ ዘፈን በቃኝ ብሎ ወደ መዝሙር ሄደ፤ ሌላው የራሱን ነጠላ ዜማ ሊሠራ ወጣ። ሁለተኛ ጊታር ይጫወት የነበረው ደግሞ ልጅ ወለደ፤ መንታ። ስለ እሱ ምንም የምለው የለኝም።

ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ሠራተኛ ፍልሰት አንድ ሙሉ ኮርስ ወስጃለሁ። የሄደው ሰው ይዞት የሚሄደው ዕውቀት ከደመወዙ ይበልጣል ይላል መጽሐፉ። እውነት መሆኑን የገባኝ ግን ፈተና ላይ ሳይሆን ልምምድ ላይ ነው። እኛ 22 ዘፈን አለን። ድራመር ሲቀየር ሁሉም ከሀ ይጀመራል፤ እንደ ሰዉ ሁኔታ ሦስት ወር፣ አንዳንዴም አምስት ወር ይፈጃል። ድምፃዊ ሲቀየር ደግሞ ይብሳል። ወንዱ በኤ ማይነር ይዘፍነው የነበረውን ሴቷ በዲ ማይነር ትፈልገዋለች። ይኼ ለሰሚው ምንም አይደለም። ለእኔ ግን ጣቶቼ አራት ዓመት የለመዱት ቦታ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል፤ ክፍት ሆኖ ይጮህ የነበረው ክር አሁን በጣት መያዝ አለበት፤ ድምፁም ያንኑ አይሆንም። ለዚህ ነው አንድ የተማሪ ደብተር ያለን። የእያንዳንዱ ዘፈን ቅኝት፣ ኮርድና መግቢያ ተጽፎበታል። በየድምፃዊው እየተሰረዘ ስለተጻፈ አንዳንዱ ገጽ የተዝረከረከ የሱቅ ዱቤ መዝገብ ይመስላል።

ስለ አጨዋወታችን ትንሽ ልበላችሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የዶርም ጓደኛዬ በፍላሽ ከሰጠኝ ሙዚቃ ውስጥ ኒው ዌቭ የሚባለው ነበር። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ከፓንክ ጩኸት ተከትሎ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ የመጣ ነው። ጊታሩ እንደ ሮክ አያገሳም። ቀጭን፣ ጥርት ያለ፣ አጭር አጭር ነው። ኮረስ በሚባል ኢፌክት ሲያልፍ ደግሞ ሁለት ሰው አንድ ዜማ በትንሽ ልዩነት እኩል የሚጫወቱ ይመስላል። ሰዎች ስለዚህ ሙዚቃ ሲያወሩ ሲንተሳይዘሩን ያነሳሉ። እኔን የያዘኝ ጊታሩ ነው፤ ስሰማው መጀመሪያ የመጣልኝ ክራር ነው። ክራርም ብዙ አይልም፤ አምስት ወይ ስድስት ክር ነው ያለው፤ አንዷን ድምፅ ነጠል አድርጎ ሰጥቶህ ዝም ይላል። አራቱ ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ባቲን በኮረስ ኢፌክት አንድ ጊዜ የሞከረ ሰው ለምን እንደቀረሁበት ይገባዋል። እኛም የምንሠራው ይኸንኑ ነው፤ የራሳችንን ዘፈኖች፣ በአገራችን ቅኝት፣ በዚያ አጨዋወት። ገበያ አለው ወይ? በሙያዬ ከጠየቃችሁኝ፣ የለውም።

በነገራችን ላይ አባል እየተቀያየረ መኖር የደካማ ባንድ ምልክት ብቻ አይደለም። ዘ ኪዩር የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ከመነሻው እስከ ዛሬ ሳይለቅ የቆየው ድምፃዊና ጊታር ተጫዋቹ ሮበርት ስሚዝ ብቻ ነው፤ ሌላው መጥቷል፣ ሄዷል፣ የተመለሰም አለ። ጆይ ዲቪዥን የሚባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ድምፃዊው ሲሞት የቀሩት ስም ቀይረው ኒው ኦርደር ሆኑና ቀጠሉ።

የእኛውን አገር ብናይ ታሪኩ ይበልጥ ይጠጋናል። ማህሙድ አህመድን በ“እሬ መላ መላ” ያጀበው አይቤክስ ባንድ በኋላ ሮሃ ባንድ ሆኗል። ስሙ ተቀየረ፤ የሰላም ስዩም ጊታርና የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ግን በሁለቱም ውስጥ አሉ። ወላጆቻችሁ ቤት ካሴት ካለ ከሮሃ አታመልጡም፤ በደርግ ጊዜ የወጣው የስንቱ ድምፃዊ ሥራ በእነሱ የታጀበ ነው። ዋልያስ ባንድ ደግሞ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቷል። ያኔ የሰዓት እላፊ ስለነበር የገባው ሰው ሌሊቱን እዚያው ያነጋ ነበር፤ ባንዱም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ1981 ለጉብኝት አሜሪካ ሄዱ። ጉብኝቱ ሲያልቅ ገሚሱ አገሩ ሲመለስ ገሚሱ እዚያው ቀረ። ከቀሩት አንዱ የባንዱ መሪ ኃይሉ መርጊያ ነው። ለዓመታት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ ታክሲው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራው የአኮርዲዮን ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ሲወጣ ዓለም ፈልጎ መጣ። እሱም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ አዲስ አልበምም አወጣ።

ይህን ታሪክ ለባንዳችን ልጆች ስነግራቸው ሁሉም የሚደነቁት በመመለሱ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው እዚህ የተመለሱትን ነው። ከአውሮፕላን ወርደው ቤታቸው ገብተው፣ በማግስቱ ልምምድ ቦታ ሲሄዱ የባዶውን ወንበር ብዛት ሲያዩ ምን አሉ? እነሱን ታክሲ ውስጥ የሚያገኛቸው ጋዜጠኛ የለም።

የእኛ ልምምድ ቦታ አንድ ሰርቪስ ቤት ነው። ግድግዳውን በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሸፍነነዋል፤ ከተማችን የምትታወቀው በብርድና በብርድ ልብስ አይደል። ድምፅ ለማፈን ያደረግነው ቢሆንም ዋናው ጥቅሙ ሙቀቱ ሆኗል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የምንለማመደው ጋቢ ለብሰን ነው፤ የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ጣት እሺ አይልም። ኪራዩን የምንከፍለው ከወር መዋጯችን ነው፤ በነፍስ ወከፍ 700 ብር። ባለፈው ዓመት ዘጠኝ ጊዜ ተጫውተን የተከፈለን አራት ጊዜ ነው። የገንዘብ ያዣችን ባለቤቴ ናት። ነርስ ናት፤ ለሙዚቃ እምብዛም ናት፤ ግን ሒሳብ ሲዛባ አትወድም። አንድ ቀን መዋጯችንን በሲጋራ ፓኬት ላይ ስንጽፍ አይታን ደብተር ገዝታ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ ያለ እሷ ፊርማ ክር እንኳን አይገዛም።

ይህን ጽሑፍ ስጽፍ አንብባ፣ “ሰባት ዓመት ሙሉ የሐሙስ እራት ብቻዬን እንደበላሁ ጻፍ” ብላኛለች። ጽፌያለሁ። ልጃችን ከመጣ ወዲህ ደግሞ ብቻዋን አይደለም የምትበላው፤ እያበላች ነው የምትበላው፤ ይኼ የተለየ ድካም መሆኑን ወላጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ተነጋግረን ደንብ አወጣን። ሐሙስ የእኔ ነው፤ ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ የእሷ ነው። ቅዳሜ የት እንደምትሄድ አልጠይቃትም። ብዙውን ጊዜ ትተኛለች።

አሁን ወደ እነዋሪ ልውሰዳችሁ፤ ያደግኩት እዚያ ነው። እነዋሪ የሞረትና ጅሩ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደብረ ብርሃን በደነባ በኩል ነው የሚኬደው። ስሟን ባታውቁም ለበዓል ሥጋ ስትገዙ “የጅሩ ሰንጋ ነው” ተብላችሁ ታውቃላችሁ። አዎ፣ ያ ነው አገሬ። የጅሩ ገበሬ በሬውን ቤት አስሮ እንደ ልጅ ነው የሚቀልበው። መሬታችን ጥቁር መረሬ ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል። ስለዚህ ከማረሻው ኋላ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ሴቱም ልጁም፣ እየተከተለ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ከፍ ያለ መደብ ይሠራል፤ ውሃው በመሃል ባለው ቦይ ይወርዳል። እኔም ልጅ ሆኜ ሠርቼዋለሁ። ጥፍር ሥር የገባ መረሬ በሳሙና አይለቅም።

ጥር 2015 ታናሽ እህቴ እነዋሪ ስትዳር ባንዱ እንዲጫወት ቤተሰብ ጠየቀን። በሕይወታችን ከተጋበዝንባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ስለሆነ ለሁለት ወር ተዘጋጀን። በዋዜማው ድራመራችን በታይፎይድ ተኛ። ሁለት ሞንታርቦ፣ አንድ ሰው የጎደለው ባንድ፣ አንድ ሚኒባስ፤ ሄድን። ዳሱ ውስጥ መብራቱ እየወረደ እየወጣ አምፑ እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል። ያለ ድራም ሁለት የራሳችንን ዘፈን ተጫወትን። ሰዉ በትሕትና አዳመጠን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ አጎቴ ጠጋ ብለው፣ “ገና እየሞከሩት ነው?” ሲሉ በማይኩ ሳይቀር ተሰማ።

በዚህ ጊዜ አክስቴ ከጓዳ ከበሮዋን አንግታ ወጣች። ማንንም አላስፈቀደችም። ከቤዝ ተጫዋቹ ፊት ቆማ ችክችካውን ጀመረች። ለማታውቁት፣ ችክችካ ስድስት ለስምንት የሚሉት ምት ነው፤ ሰውነታችን ያለ አስተማሪ የሚያውቀው፣ ትከሻን የሚጠራው። ኒው ዌቭ ደግሞ አራት ለአራት ነው፤ እንደ ሰዓት ቀጥ ያለ። የቤዝ ተጫዋቹ የሃይስኩል የፊዚክስ መምህር ነው፤ ዕድሜው ከ50 አልፏል፤ ብዙ አይናገርም። ዓይኑን ከእጇ ላይ ሳያነሳ ለተወሰነ ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ ገባ። እኔም ኮረሱን ሳላጠፋ በላዩ ላይ የባቲዋን መግቢያ ጣል አደረግኩ። ድምፃዊዋ ግጥሙን በአዲሱ ምት ለማስገባት ሁለት ጊዜ ተደናቀፈች፤ በሦስተኛው ያዘችው። ከዚያ በኋላ ስለሆነው እስክስታ አልነግራችሁም። ያን ዘፈን ዛሬም የምንጫወተው በአክስቴ ምት ነው። በደብተራችን የድራም ረድፍ ላይ ከሦስት የተሰረዙ ስሞች በታች የእሷ አለ፤ አልተሰረዘም።

በማግስቱ ማታ ከአባቴ ጋር ደጅ ተቀምጠን ስናወጋ፣ ልጆቹ ለምን እንደሚለዋወጡብን ጠየቁኝ። የዝውውሩን፣ የስደቱን፣ የትዳሩን ነገር ዘርዝሬ ነገርኳቸው። አባቴ ቶሎ አይመልሱም።

“ጎጆ የወጣሁ ጊዜ ያለኝ አንድ በሬ ነበር” አሉኝ ቆይተው። “ጎረቤቴም አንድ ነበረው። ተቀናጀን፤ ሁለት ቀን ለእኔ፣ ሁለት ቀን ለእሱ። እሱ በሬውን ሲሸጥ ከሌላ ጋር ተቀናጀሁ። የዚያኛው ሲሞትበት ከሌላ።”

“በጠቅላላው ከስንት ሰው ጋር ተቀናጁ፣ አባባ?”

“ማን ቆጠረው? ሰባት ይሆናል፣ ስምንት።”

“እርሻውስ?”

“እርሻው መች ይቆማል” አሉ፤ ጥያቄዬ ገረማቸው። ቀጠሉና፣ “ደግሞ ወይፈን ብቻውን አይገራም። ከለመደ በሬ ጋር ነው የሚጠመደው። የለመደው ሊደክም ይችላል፤ ግን ትልሙን ያውቃል።”

መቀናጆ የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከዚያ ምሽት በኋላ ግን ኮርስ ከወሰድኩበት የሠራተኛ ፍልሰት ይልቅ የእኛን ነገር የሚያስረዳኝ እሱ ሆኖ አገኘሁት። መሥሪያ ቤት ሰው ሲለቅበት ኪሳራ ይመዘግባል። ባለ አንድ በሬ ገበሬ ግን መጀመሪያም ሙሉ ጥማድ አልነበረውም፤ ሌላውን ግማሽ የሚያመጣው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። እኔም ጊታር እንጂ ባንድ ኖሮኝ አያውቅም። ስለዚህ ሰው ሲሄድ ከማዘን በፊት በሬ ያለው ማን እንዳለ እጠይቃለሁ። ከዚያ አዲሱን ድራመር ከቤዝ ተጫዋቹ አጠገብ እናቆመዋለን፤ ከእኔ አጠገብ አይደለም፤ እኔ እቸኩላለሁ።

ይኼን ሁሉ ስነግራችሁ ራሴን የለመደው በሬ አድርጌ የማይ ይመስል ይሆናል። አይደለሁም። ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት የተሻለ ቦታ ተሰጠኝ። ከባለቤቴ ጋር ሦስት ሳምንት ተነጋገርንበት። የእሷ ዝውውር የሚሳካ ነው፤ እናቷ አዲስ አበባ ናቸው፤ ልጃችን መስከረም ላይ ኬጂ ይገባል፤ የደመወዙ ልዩነትም እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። አንድ ማታ ሁሉንም በወረቀት ጻፍነው፤ የሚያስሄደው በቀኝ፣ የሚያስቀረው በግራ። በግራ በኩል ያለው አንድ መስመር ነው። እሷ ነች የጻፈችው፤ “ሐሙስ” ይላል።

ሐምሌ መጨረሻ እንሄዳለን።

ለባንዱ ስነግራቸው ድራመሩ “አይ፣ ይኼማ አይሆንም!” አለ። ድምፃዊዋ አቀፈችኝ። የቤዝ ተጫዋቹ ዝም ብሎ ክሩን ሲያጠብቅ ቆየና፣ “ደብተሩን ትተኸው ነው የምትሄደው፣ አይደል?” አለኝ። ሌላ አልጨመረም። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ሳቀች። የሒሳቡን ደብተር ለማን እንደምታስረክብ እሷም ስታስብ ነበር፤ ሁለቱም ደብተሮች አብረው እንዲቀመጡ ወሰነች።

ምትክ ተገኝታለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ሁለተኛ ዓመት። መጀመሪያ የተማረችው ክራር ነው፤ ጊታሩን በፒክ አትመታም፣ በጣቶቿ ነው የምታነሳው። አሁን አራት ሐሙስ ሆኗታል። ከቤዝ ተጫዋቹ አጠገብ ትቆማለች። እኔ ማዶ ወንበር ላይ ተቀምጬ ደብተሩን እያየሁ እነግራታለሁ፤ “እዚህ ጋ ትጠብቂያለሽ፣ እዚህ ጋ ኮረሱን ትከፍቻለሽ።” በትሕትና ትሰማኛለች፤ “እሺ ጋሼ” ትላለች። በ33 ዓመቴ ጋሼ ሆኛለሁ።

ባለፈው ሐሙስ የአክስቴን ዘፈን ጀመርን። መግቢያውን እንዳስተማርኳት ተጫወተችው፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ግን የመጨረሻዋን ድምፅ ሳትመታት ተወቻት። ቦታዋ ባዶ ሆኖ አለፈ፤ ምቱ ብቻ ተሰማ። ላስቆማት አፌን ከፈትኩ። በዚህ መሃል የቤዝ ተጫዋቹን አየሁት። ፈገግ ብሏል፤ በጥርሱ። ለእኔ በሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ፈገግ ብሎ አያውቅም።

እርሳሴን አነሳሁና ደብተሩ ላይ ያችን ድምፅ ሰረዝኳት።